በኬጂና በዴይኬር የልጆችን ባህል ማክበር፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር 29 ደረጃ በደረጃ

ኅዳር ሲገባ የኬጂ ቴሌግራም ግሩፖች በአንድ ዓይነት መልእክት ይሞላሉ። «ውድ ወላጆች፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀንን ስለምናከብር ልጅዎን የባህል ልብስ አልብሰው ይላኩ።» ወላጅ ይሯሯጣል። ልብስ ይከራያል፣ ይዋሳል። ልጁ የሚያሳክከውን ቀሚስ ወይም ሱሪ ለብሶ ፎቶ ይነሣና ቀኑ ያልፋል። በማግሥቱ ስሙን አሁንም አስተካክሎ የሚጠራው የለም። በቤቱ ቋንቋ ውኃ ሲጠይቅም የሚሰማው የለም።

ይህ መመሪያ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚይዙ መምህራን፣ ሞግዚቶችና የማቆያ ባለቤቶች ነው። ሥራው መስከረም ላይ ይጀምራል። ኅዳር 29 የመጨረሻው ደረጃ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። አሁን ኅዳር አጋማሽ ላይ ከሆናችሁና ምንም ካልጀመራችሁ፣ ደረጃ 1፣ 2 እና 5ን ሠርታችሁ የዘንድሮውን በዓል ቀለል አድርጋችሁ አሳልፉት።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ቅጽ (ደረጃ 1 ላይ አለ)
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ትንሽ ስፒከር
- የውኃ ቀለም፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ቡናማ
- በእርሳስ የሚሞላ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ
- ከሁሉም መምህራንና ሞግዚቶች ጋር የአንድ ሰዓት ስብሰባ

ስብሰባውን አትዝለሉት። ልጆቹን አብዛኛውን ሰዓት የሚይዙት ሞግዚቶች ናቸው። ሽንት ቤት የሚወስዱት፣ ምሳ የሚያበሉትና የሚያስተኙት እነሱ ሆነው ሳለ ዕቅዱን መምህሯ ብቻ ካወቀችው ሥራው ወረቀት ላይ ይቀራል።

## ደረጃ 1፦ ስለ ቤቱ ጠይቁ፣ ብሔሩን ተዉት

ቅጹ ላይ «ብሔር» የሚል ሳጥን አታስገቡ። አዲስ አበባ ውስጥ እናቱ ከአንድ፣ አባቱ ከሌላ ብሔር የሆኑለት ልጅ ሞልቷል። በግጭት ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ደግሞ ያንን ሳጥን ሲያይ የሚሰማው ሌላ ነው። ለእናንተ ሥራም ቢሆን የብሔር ስም ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅማችሁ ልጁ ሲያለቅስ በምን እንደሚባበል ማወቁ ነው።

እነዚህን ጠይቁ፦

1. ልጁን ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?
2. ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ ወይም ቋንቋዎች ያወራል?
3. ውኃ፣ ሽንት፣ እንቅልፍ፣ «አመመኝ» እና «በቃኝ» ለማለት ምን ይላል? (በድምፅ ቢልኩ ይሻላል)
4. አያቶቹን ምን ብሎ ይጠራል?
5. የማይበላው ምግብ ምንድን ነው? በጾም፣ በሥጋ ወይም በአለርጂ ምክንያት?
6. ቤት ውስጥ የምታከብሯቸው በዓላት የትኞቹ ናቸው? ልጁ እንዲሳተፍ የማትፈልጉት በዓል ወይም ልደት አለ?
7. ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ?

ቅጹ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ፦ አትጨቅጭቁ። ልጁን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ በቃል ጠይቁ። ከምግቡና ከቤት ስሙ ጀምሩ። እነዚህን ለመናገር የሚሰጋ ወላጅ እምብዛም የለም፤ የቀረው ቀስ እያለ ይመጣል።

ወላጁ አማርኛ ካልቻለ፦ ትልቅ ሰው አስተርጓሚ ፈልጉ። የስምንት ዓመት እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት። ጥበቃው ወይም ወጥ ቤት የምትሠራው እህት ቋንቋውን ሊያውቁት ይችላሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

## ደረጃ 2፦ ስሙን አስተካክላችሁ ጥሩ

1. እናቱ ወይም አባቱ ስሙን ሲጠሩ በስልክ ቅዱ። ሦስት ሰከንድ ይበቃል።
2. ሠራተኞች ሁሉ ያዳምጡ፣ ድምፅ አውጥተው ይድገሙት።
3. የልጁ ቦታና ቦርሳ መስቀያ ላይ ስሙን ወላጅ በሚጽፈው አጻጻፍ ጻፉ። ሓጎስን «ሀጎስ» አታድርጉት።
4. ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት በር ላይ በስሙ ተቀበሉት።

የኦሮምኛን «ዸ» ወይም የትግርኛን የጉሮሮ ድምፆች ለማውጣት ይከብደን ይሆናል። ችግር የለውም፤ ሞክሩ። ልጅ መሞከራችሁን ያያል። የማይፈቀደው «ይሄ ስም ይከብዳል፣ እኛ ቢቢ እንልሃለን» ማለት ነው። ቤቱ ያወጣለት ማቆላመጫ ካለው በእሱ መጥራት ይቻላል፤ ክፍል ውስጥ አዲስ ማውጣት ግን አይቻልም።

ሌሎች ልጆች በስሙ ከሳቁ፦ አትቆጡ፣ ጨዋታ አድርጉት። ስሙን ቀስ ብላችሁ በጭብጨባ ከፋፍላችሁ ጥሩ፤ ሁሉም ይከተሉ። ቀጥላችሁ የሳቀውን ልጅ ስም በዚያው መንገድ ጥሩ። ከዚያ የሁሉንም። ስሙ ሲጨበጨብለት የማይወድ የአራት ዓመት ልጅ አላውቅም።

## ደረጃ 3፦ የቤቱን ቋንቋ ክፍል ውስጥ አስገቡ

ዓላማው ልጆቹን አምስት ቋንቋ ማስተማር አይደለም። ልጁ የቤቱን ቃል ሲናገር የሚሰማው ሰው እንዲያገኝ ነው።

1. ከቅጹ ላይ ውኃ፣ ሽንት፣ እንቅልፍ፣ አመመኝ፣ በቃኝ የሚሉትን ቃላት በየቋንቋው አውጡ።
2. በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ የአዋቂ ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ለጥፉ። ለሠራተኞች ነው። ውኃ በኦሮምኛ ቢሻን፣ በትግርኛ ማይ፣ በሶማሊኛ ቢዮ ነው። ይህን ያህል ለመያዝ ሁለት ቀን አይፈጅም።
3. ጠዋት ክብ ሠርታችሁ ስትቀመጡ በየሳምንቱ በአንድ ቋንቋ ሰላም ተባባሉ። አካም ቡልቴ፣ ከመይ ሓዲርካ፣ ለሴት ልጅ ከመይ ሓዲርኪ። ክፍል ውስጥ ባሉ ልጆች ቋንቋዎች ጀምሩ።
4. እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን የሚያስተኛበትን እሹሩሩ በቴሌግራም ድምፅ እንዲልክ ጠይቁ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

እሹሩሩውን የምትከፍቱት በእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ መብራት ደብዘዝ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ገና ያልለመደ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ሊያለቅስ ይችላል። በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእሱን አትክፈቱ። ካለቀሰ አጥፉት፣ እቀፉት፣ ከሳምንት በኋላ ቀን በጨዋታ ሰዓት ሞክሩት። ሌላም አለ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያዳምጠው የተላከ ዘፈን አትክፈቱ። እሹሩሩ ተብሎ የፉከራ ዘፈን ሊላክ ይችላል። መዝሙር ወይም መንዙማ ከሆነ ደግሞ ለሌሎቹ ቤተሰቦች አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ወይም ሌላ እንዲልኩ በትሕትና ጠይቁ።

«ልጄን ይሄን ቋንቋ አታስተምሩብኝ» የሚል ወላጅ ከመጣ፦ አትከራከሩ፣ ስለ አገርም ስለ አንድነትም ንግግር አታድርጉ። እንዲህ በሉ፦ «ልጅዎን በአማርኛ ማስተማራችንን አላቆምንም። ጠዋት የምንባባለው ሰላምታ አንድ ደቂቃ ነው። የእርስዎም ልጅ ጓደኞቹ በቤቱ ቋንቋ ሰላም እንዲሉት እናደርጋለን።» ከዚህ በላይ ከሄደ ወደ ዳይሬክተር ቢሮ ይሂድ። ልጆች ባሉበት በር ላይ አይቀጥል።

## ደረጃ 4፦ ግድግዳውንና መጫወቻውን ፈትሹ

ተንበርከኩ። ከልጅ ዓይን ከፍታ ሆናችሁ ክፍሉን ተመልከቱ። አብዛኛው ክፍል ውስጥ የሚታየው ከውጭ አገር የተገዛ ፖስተር ነው፦ ወርቃማ ፀጉር፣ በረዶ፣ አፕል። አሻንጉሊቶቹም እንዲሁ ናቸው። ሁሉንም አውጥታችሁ ጣሉ እያልኩ አይደለም፤ ልጆቹን የሚመስል ነገር ግን ይጨመር። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጠይምም ጥቁርም ቀይ ዳማም አሻንጉሊት ሰፍቶ የሚሰጥ ልብስ ሰፊ በየሰፈሩ አለ።

የቤተሰብ ግድግዳ። ከየቤቱ አንድ ፎቶ ሰብስቡ። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከወለል 60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ለጥፉ። ልጆች ይነኩታል፣ ይስሙታል፣ ይልሱታል፤ ለዚህ ነው ፕላስቲኩ። ከመለጠፋችሁ በፊት የሁሉም ልጅ መድረሱን አረጋግጡ። ፎቶ የሌለው ቤተሰብ ካለ ልጁን ሊወስዱ ሲመጡ አብራችሁ አንሡ። አባት ወይም እናት የሌለው ልጅ ከአያቱ ወይም ከሚያሳድገው ሰው ጋር ይነሣ። «እናትና አባት ያሉበት ፎቶ ላኩ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ልጁ የሚወዳቸው ሰዎች ያሉበት» በሉ። ይህን ግድግዳ ፎቶ አንሥታችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ።

የቆዳ ቀለም ሥራ። ልጆች ሰው ሲሥሉ «የቆዳ ቀለም» ብለው ሮዝ ክሬዮን ያነሣሉ። እጃቸው ቡናማ ሆኖ ሳለ! ይህን በአንድ ጠዋት ማስተካከል ይቻላል።

1. ከ4 ዓመት በላይ ያሉትን በአምስት በአምስት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በላይ ከሆኑ ቀለሙ ወለል ላይ ነው የሚያልቀው።
2. ለእያንዳንዱ ልጅ በክዳን ላይ አንድ ማንኪያ ቡናማ ስጡ። ቡናማ ከሌለ ቀይና ቢጫ እኩል ቀላቅላችሁ ሰማያዊ ጠብታ ጠብታ ጨምሩበት።
3. ልጁ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። ከቀለሙ ትንሽ ወረቀት ላይ ቀብቶ ከክንዱ አጠገብ ያስጠጋ።
4. ከጠቆረ ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከነጣ ቡናማ በጥርስ እንጨት ጫፍ ይጨምር። ይቀላቅል፣ እንደገና ያስጠጋ።
5. ሲገጥም ልጁ ራሱ ስም ያውጣለት። «ቡና በወተት»፣ «ማር»፣ «የአባዬ ጫማ»። እንዳለ ጻፉለት።
6. በዚያ ቀለም ራሱን ይሣል።

ወረቀቶቹን ከቀይ ወደ ጥቁር በመደዳ አትስቀሉ። ደባልቁ። መደዳ ስትሠሩ ሳታስቡት ደረጃ አወጣችሁ ማለት ነው። «ውይ አንቺ ቀያይቱ፣ እንዴት ታምሪያለሽ» የሚለውን ልማዳችንንም እዚያው ግቱት። አጠገቧ የተቀመጠው ጥቁር ልጅ ይሰማል።

## ደረጃ 5፦ ምግብ

ብዙ ቦታ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

እኛ ዘንድ «ብቻህን አትብላ» ተብሎ ነው ልጅ የሚያድገው። ልጆችም ምሳ ዕቃ ከፍተው መጎራረስ ይወዳሉ። ግን ብዙ የክርስቲያን ቤተሰብ የሙስሊም፣ የሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። የኦርቶዶክስ ቤት ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ይጾማል፤ አንዳንዱ ትንንሽ ልጁንም ከሥጋና ከወተት ያቆያል፣ አንዳንዱ አያቆይም። ስለዚህ ግምት አይሠራም። ቅጹን ተመልከቱ።

1. ከቅጹ ጥያቄ 5 ላይ ዝርዝር አውጥታችሁ ምግብ በሚቀርብበት ቦታ ለጥፉ፤ ወላጅና እንግዳ በማያየው በኩል።
2. ለልጆች አንድ ሕግ ንገሩ፦ «የምሳ ዕቃችንን የየራሳችንን እንበላለን። ፍራፍሬውን እንካፈላለን።» ከዚያ በየቀኑ መሐል ላይ የሚካፈሉት ሙዝ ወይም ብርቱካን አቅርቡ። እንዲህ ማካፈልም ይማራሉ፣ ሥጋም አይነካካም።
3. ማቆያው ራሱ የሚያበስል ከሆነ ሥጋን ተዉት። ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ድንችና ሩዝ በዘይት ሁሉንም ያስማማል። እንቁላልና ወተት ለሚፈቀድላቸው ለብቻ ይሰጥ።
4. ለልደት ኬክ ከመጣ የጾም መሆኑን ጠይቁ። ልደት የማያከብር ቤት ልጅ ካለ ያን ሰዓት ምን እንደሚሠራ ከወላጁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ጥግ ላይ አታስቀምጡት።

ማነቅ፦ በዓል ሲሆን ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ይቀርባል። ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አትስጡ፤ የአየር ቧንቧ ይዘጋል። የሽምብራና የባቄላ ንፍሮም ለትንንሾቹ ተደፍጥጦ ይሁን። ልጆች እየሮጡ አይብሉ፤ ሲበሉ አዋቂ አብሮ ይቀመጥ።

ልጁ የማይፈቀድለትን ሥጋ ከጓደኛው ምሳ ዕቃ ከበላ፦ አትጩኹ። አፉን በጣት አትክፈቱ፣ አታስተፉት። «ኃጢአት ነው»፣ «ሐራም ነው» የሚል ቃል እናንተ አትናገሩ፤ እሱን ማስረዳት የወላጅ ፈንታ ነው። ውኃ ስጡትና ወደ ጨዋታው ይመለስ። የዚያኑ ቀን ኃላፊዋ ራሷ ትደውል። ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደበላና ከነገ ጀምሮ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ትናገር። በቴሌግራም ግሩፕ አይጻፍ፤ የምሳ ዕቃው ባለቤት ስምም አይነሣ። ደብቃችሁ ልጁ ማታ ቤት ሲናገር ግን የጠፋውን እምነት ለመመለስ ዓመቱ አይበቃችሁም።

## ደረጃ 6፦ የበዓላት መቁጠሪያውን ሙሉ

ከቅጹ ጥያቄ 6 ላይ የተገኙትን በዓላት ብቻ ጻፉ። ክፍላችሁ ውስጥ አክባሪ የሌለውን በዓል ከኢንተርኔት አምጥታችሁ አታክብሩ።

ቀናቸው የታወቁ አሉ፦ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11። ኢሬቻ ከመስቀል በኋላ ባለ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሃና መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ ይመጣሉ፤ የአምናውን ቀን አትገልብጡ። የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላን ቀን ደግሞ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። ወላጁን ጠይቁ። በእርሳስ ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። አሸንዳ በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለሚውል ብዙ ቦታ ይረሳል። የምታከብር ልጅ ካለች መስከረም ላይ እንድታወራበት ጊዜ ስጧት።

እያንዳንዱ በዓል 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ልጁ ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገ ይናገር፤ አንድ ዕቃ ወይም ፎቶ ያምጣ። የእምነቱን ትምህርት ለቤተሰቡ ተዉለት። «አሚና ትናንት ዒድ አክብራለች። ምን ለበስሽ? ማን ቤት ሄዳችሁ?» እንዲህ ይበቃል።

## ደረጃ 7፦ ወላጅና አያት ጋብዙ

በወር አንድ እንግዳ፣ 20 ደቂቃ። ንግግር ሳይሆን እጅ የሚሠራ ነገር ይሁን፦ የእንጀራ ሊጥ ማቡካት፣ ሹሩባ መሥራት፣ ስፌት፣ ተረት፣ እስክስታ ወይም ሌላ ጭፈራ። ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ የምትሠራውን ጠይቁ።

የቡና ሥነ ሥርዓት ከሆነ የተያያዘ ከሰልና የፈላ ጀበና ክፍል ውስጥ አይግባ። ጀበናው ቀዝቃዛ፣ ሲኒው ባዶ ይሁን፤ ፍሬውን ይንኩ፣ የተቆላውን ያሽትቱ። ዕጣንም ተዉት፤ ሳል ያለበት ልጅ አይጠፋም። ጥጥ የምትፈትል እናት ከመጣች እንዝርቱ ከእጇ አይውጣ።

እንግዳዋ ብትቀር፦ ሁልጊዜ አንድ ተጠባባቂ ተረት ይኑራችሁ። ልጁ «አያቴ ትመጣለች» ብሎ ከጠበቀ ደውላችሁ በስልክ ሰላም ትበለው።

## ደረጃ 8፦ ክፉ ቃል ሲወጣ

«ከእሷ ጋር አልጫወትም፣ ጥቁር ናት።» «እሱ ሲያወራ ያስቃል።» የአራት ዓመት ልጅ ይህን ይላል። ከቤት ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ብሎ ያየውን መናገሩም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያዙ፦

1. ወዲያው ሂዱ፣ ተንበርከኩ።
2. መጀመሪያ ወደተጎዳችው። «ያለሽን ሰምቻለሁ። ደስ አይልም። እኔ እዚህ አለሁ።»
3. ቀጥሎ ወደተናገረው፣ ሳትጮኹ። «ቆዳዋ ጥቁር ነው፣ ያንተ ጠይም ነው። በቆዳ ምክንያት ማንንም ከጨዋታ አናስወጣም።»
4. ሁለቱንም የሚያገናኝ ሥራ ስጡ። ብሎክ አብረው ይሰብስቡ። ይቅርታ እንድትባል አታስገድዱ፤ በግድ የወጣ ይቅርታ ለሁለቱም አይጠቅምም።
5. ለሁለቱም ቤት በዚያው ቀን፣ ለየብቻ፣ በስልክ ንገሩ። የሌላኛውን ልጅ ስም አትጥሩ።

ተናጋሪው ሠራተኛ ከሆነስ? «እነዚህ እኮ እንዲህ ናቸው» የሚል ሞግዚት ወይም መምህር አለ። ልጆች ፊት አትጣሉ። የዚያኑ ቀን በሩ ተዘግቶ ይነገረው፣ ይመዝገብ። ከደገመ ልጆች ጋር አይቆይ። እዚህ ላይ ለዘብ ያለ ምክር የለኝም።

## ደረጃ 9፦ ኅዳር 29

አሁን በዓሉን ማክበር ትችላላችሁ።

1. ከሦስት ሳምንት በፊት ለወላጆች ጻፉ፦ «ልጅዎ ቤት ውስጥ ያለውን፣ የሚወደውን ልብስ ወይም ዕቃ ይዞ ይምጣ። መግዛትም መከራየትም አያስፈልግም።» ነጠላ፣ ሽርጥ፣ የአያት ከዘራ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም ይሆናል።
2. ለማንም ልጅ ብሔር አትመድቡ። «አንተ የእንትን ተወካይ ነህ» ብሎ ማሰለፍ ይቅር።
3. መድረክና ሰልፍ አታዘጋጁ። አራት ጥግ አዘጋጁ፦ የእሹሩሩ ጥግ፣ የቀለም ጥግ፣ የተረት ጥግ፣ የምግብ ጥግ። ልጆች በቡድን ይዙሩ። ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ።
4. ኅዳር 29 የነቢያት ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ክትፎ፣ ጭኮና በቅቤ የራሰ ቆጮ ያን ቀን ለብዙ ቤት አይሆንም። ቆጮ በዘይት፣ አምባሻ፣ የምስር ሳንቡሳ፣ ድንችና ፍራፍሬ አዘጋጁ።
5. ፎቶ የሚያነሣ አንድ ሰው ይመደብ። ፎቶ እንዲነሡ ወላጅ ያልፈቀደላቸው ልጆች ዝርዝር እጁ ላይ ይኑር።

ልጁ ልብሱን አልለብስም ካለ፦ አይልበስ። ቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲፈልግ ያውጣው።

ምንም ሳይዝ የመጣ ልጅ ካለ፦ ከሌሎቹ በፊት ዓይታችሁ ወደ ቀለም ጥግ ውሰዱት። ደረጃ 4 ላይ የሣለው የራሱ ሥዕል የሱ ዕቃ ይሆናል። ሥዕሉን ቀድማችሁ አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ግሩፑ ላይ ክርክር ከተነሣ፦ «የእኛ ለምን ቀረ?»፣ «ያ ባንዲራ ምንድን ነው?» የሚል መልእክት ሲመጣ ግሩፑን አስተዳዳሪ ብቻ እንዲጽፍ አድርጉት፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ከዚያ ለጸሐፊው ደውሉ። የቀረ ነገር ካለ በሚቀጥለው ወር የእንግዳ ቀን እንዲይዝ ጋብዙት፣ ቀኑንም እዚያው በስልኩ ላይ ቁረጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ዕቃዎቹን በስማቸው ለየቤቱ መልሱ። የእሹሩሩውን ድምፆች ግን ከስልኩ አታጥፉ፤ የውኃ፣ የሽንት፣ የእንቅልፍ ቃላቱን ወረቀትም ከግድግዳው አታውርዱ። ጥር ላይ አዲስ ልጅ ሲገባ ቅጹን ስጡና የእሱን ቃላት ከሥር ጨምሩበት።